መጀመሪያ የላዩን

ብርድ የያዘው ዘይት ቢፈቱት አይወርድም፤
"እንደ ሰው ነው" አለኝ፣ "ካልሞቀ አያወጋም።"
በማለዳ አስነሣኋት፣ ጦሳ ጉሙን ሳያወልቅ፣
ሸዋ በር ደርሼ መጣሁ፣ የካምቢዮው ሆድ እስኪሞቅ።
ሦስተኛው ማርሽ በመንገድ፣ እንደ ልማዱ አኮረፈ፤
ሁለቴ ተንጫጭቶብኝ፣ በስንት ልመና አለፈ።

ግቢያችን ዘንበል ያለ ነው፤ ደሴ ላይ ሜዳ የታለ?
"ባንድ ጎን ብቻ ከሰቀልካት፣ ልኩ ይዋሻል" አለ።
አራት ጉማጅ ባሕር ዛፍ፣ ሁለት ድንጋይ ከጎማ ስር፣
የጎረቤት ክሪክ ተውሰን፣ ዲኤክሷን ከምድር
አነሣናት።

አባቴ ዱካ ላይ ነበር፣ ከዘራው ጉልበቱ መሐል፤
ሐረጎን ሃያ ስድስት ዓመት
ሲወጣ ሲወርድ የኖረ እጅ፣ ዛሬ ይንቀጠቀጣል፤
ሻይ በብርጭቆ ቢሰጡት፣ ግማሹ ጋቢው ላይ ይቀራል።

ጆንያ አንጥፌ ገባሁ።
የታቹ ቡሎን ላይ ቁልፌን ገና ሰካ ሳደርግ፣
"ተው ኑርዬ!" አለ።
"መጀመሪያ የላዩን ፍታ። መሙያው እምቢ ካለህ፣
አፍስሰህ ባዶ ካስቀረሃት፣ በየት በኩል ትሞላለህ?
ኮምቦልቻ አንድ ሐሽም ነበር፣ የታቹን ፈቶ፣ ደፍቶ፣
የላዩ አልላወስ ቢለው፣ ጥርሱ በቁልፍ ተበልቶ፣
ሦስት ቀን ሙሉ ታክሲው ውስጥ ዶሮ ነው ያደረው ገብቶ።"

የላዩም የዋዛ አልነበር፤ ካምቢዮው ጎን ተደብቆ፣
ጭቃ ጠጥቶ፣ ዝጎ፣ ካምናው ክረምት ተጣብቆ።
ነጭ ጋዝ አጠጣሁት፣ በመዶሻ ኮረኮምኩት፣
ቁልፉን በቱቦ አስረዝሜ፣ ቢስሚላህ ብዬ ሳብኩት፤
ጯ!

ከዚያ የታቹ።
ጥቁር፣ ዝግ ያለ፣ ወፍራም፣ የከረመ እንቁላል ሽታ፣
ሳፋው ላይ እየተጠቀለለ ወረደ በቀስታ፤
አራት ዓመት ያልተነካ፣
እጁ ከታመመ ወዲህ።

የቡሎኑ ጫፍ ማግኔት ነው፤ ጢም አብቅሎ መጣ፣
የብረት ጢም። "ደግ ነው" አለ፣ "ጥርስ የለም የወጣ።"
ሳፋውን ወደ ፀሐይ አዞረው።
ብልጭ፤ ጥቁሩ ውስጥ ብልጭ፤ እንደ ቅኔ፣ ከሰሙ ስር።
"ወርቅ ነው?" አልኩት እየሳቅሁ።
እሱ አልሳቀም፤ ጣቱን ነክሮ፣ አሽቶ፣ አሸተተውና፣
"ነሐስ ነው፤ የሦስተኛው ማርሽ ቀለበት ነበር" አለና
ዝም አለ።
ቆይቶ፣
"ማንም አይደለም የፈጨው። እኔው ነኝ የበላሁት፣
ሐረጎ ላይ፣ ፍሪሲዮን ሳልረግጥ፣ በጆሮዬ እየቀየርኩት።"
ኩራት ይሁን ኑዛዜ፣ ከመኪናው ስር አይለይም።

እትዬ ዘምዘም ጄሪካን ይዘው መጡ፣ ገና ሳንጨርስ፤
ለአጥራቸው እንጨት ሊቀቡት፣ ምስጥ ዳግም እንዳይደርስ።
እኔ እኮ ቦይ ውስጥ ልደፋው ነበር፤
"ቦርከና ካምቢዮ የለው፣ ዘይት ምን ያደርግለታል?" አለ።

የሃይላንድ አንገት ቆርጬ፣ ጎማ ቱቦ ላይ ሰካሁ፤
አዲሱን ከላይ ሲቀዳ፣ እኔ ከታች ጠበቅሁ።
ግማሹ ገባ፣ ጥቂቱ ጋቢው ላይ፣ ጥቂቱ ግንባሬ ላይ፤
"ልኩን በምን ላውቅ?"
"ሲተፋው በቃት፤ ዝጋ።
ጠግቦ የሚጎርስ ሰው ብቻ ነው።"

ከሰዓት ወደ ሐረጎ ወረድን፣ እሱ ከጎኔ ተቀምጦ።
ሦስተኛው ዝም ብሎ ገባ፤
የገዛ ቤቱ እንደሚገባ፣ ጫማውን በረንዳ አውልቆ።
አባቴ መስኮቱን ነው የሚያየው።
ተመልሰን ግቢ ስንገባ፣ የኋላ ማርሹን ብስበው
ገገገገገ!
"እሱ ከፋብሪካው ነው" አለኝ፣ ፊቱን ወደዚያ አዙሮ።

ማታ ሱሪዬን ሳወልቅ፣ አንዲት የመዳብ ቀለበት
ከኪሴ ዱብ አለች። ከየት ነበረች?
ከላዩ? ከታቹ?
ጎኔን ሳላሳርፍ ነጋ።
ከመኪናዋ ስር ያነጠፍኩትን ካርቶን ሄጄ ዳሰስኩት፤
ደረቅ ነው።
ቀለበቷን ሚስማር ላይ ሰቀልኳት።
ለሱ አልነገርኩትም።